ለኅዳር ጽዮን ወደ ዝዋይ ደሴት በአውቶቡስ፦ ደርሶ መልስ ይሻላል ወይስ አዳር?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ዘንድሮ ኅዳር 21ን ደብረ ጽዮን ካላከበርኩ ብላለች። ዝዋይ ሐይቅ መሀል፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለችውን ማለቴ ነው። የጽዋ ማኅበሯ እናቶች አንድ አውቶቡስ ሊከራዩ ነው፤ 60 ሰው ይጭናል። እንደ ዕቅዳቸው ሌሊት 10 ሰዓት ከሰፈር ተነሥተው፣ ደሴቷ ላይ አክብረው፣ ማታ 2 ሰዓት ቤታቸው ይገባሉ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጀልባ የሚባል ነገር ተሳፍራ አታውቅም። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። በአንድ ቀን ደርሶ መመለሱ ነው የሚሻለው ወይስ ማደሩ? ሄዳችሁ የምታውቁ ብቻ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄዬ ይኼው ነበር። መልሱ ከሠላሳ በላይ ሆነ። ሪያድ ያለችው እህቴ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ የለኝም፣ አሳጥረሽ ንገሪኝ ስላለችኝ በራሴ አባባል ጻፍኩት። ቁጥሩ ግን እንደ አመጣጣቸው ነው። ዘግይታችሁ ለምትመጡም ይጠቅማል።

1ኛ፦ የመጀመሪያው መላሽ ሄዶ አያውቅም። ለእናቴ ዕድሜና ጤና ተመኘ፣ እሱም እናቱን ሳይወስድ እንዳረፉበት ጻፈ፣ በዚያው ወጣ። የሄዳችሁ ብቻ ብዬ ነበር፤ ግን ምን ይባላል?

2ኛ፦ ከሦስት ዓመት በፊት በደርሶ መልስ የሄደች ሴት ናት፤ ከሁሉም ረጅሙን የጻፈችው እሷ ነበረች። ለ10 ሰዓት የተቀጠረው አውቶቡስ አንዷ ጧፏን ረስታ፣ ሌላዋ ልጇን እየጠበቀች፣ 11 ተኩል ላይ ተነሣ። ሞጆ ላይ ለሻይ ቆሙ። ዝዋይ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አስተባባሪው አውቶቡሱን እንጂ ጀልባውን አላሰበበትም። ስልሳ ሰው ወደቡ ላይ ተደርድሮ ሁለት ጀልባ ብቻ አገኙ፣ አንዱ በአንድ ጊዜ የሚወስደው አሥራ አምስት ሰው ነው። ደሴቷ ደግሞ ሩቅ ናት፤ መሄጃው ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ታቦት ሲወጣ ደረሱ። የመጨረሻዎቹ ሲደርሱ ሕዝቡ እየተበተነ ነበር። የእሷ እናት ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበሩ፤ ዳገቱን ሳይጨርሱ መመለሻ ሰዓት ደረሰ ተባለ። መሬቱን ተሳልመው ወረዱ። ምክሯ አጭር ነው፤ ስለ አውቶቡሱ ወንበር ምቾት ከመጠየቅሽ በፊት ስንት ጀልባ እንደተያዘ ጠይቂ ነው የምትለው።

3ኛ፦ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ ያለ ሰው መጣ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ በአዳማው ፈጣን መንገድ ሞጆ ተወጥቶ ከዚያ እስከ ባቱ (ዝዋይ ከተማ) በአዲሱ እንደሚኬድ፣ ስለዚህ መንገዱ እንደማያስፈራ ጻፈ። የሚያስፈራው ሹፌሩ ነው። የበዓል ሰሞን አንዳንዱ ባለንብረት መኪናውን ማታ ከሌላ ጉዞ ተቀብሎ ሌሊት ለማኅበር እንደሚያከራይ፣ ያው ሹፌር ሳይተኛ መሪ እንደሚጨብጥ ነገረን። ሲሄድ መዝሙር ስላለ እንቅልፍ አይይዘውም፤ ማታ ሲመለስ ግን እናቶቹ ደክመው ዝም ይላሉ፣ እሱም አብሮ ያንጎላጃል። ሹፌሩን ትናንት የት አደርክ ብለሽ ጠይቂው፣ አትፈሪ የሚል ምክር ሰጠኝ። የጉዞ ማኅበራት ሁሉ ጎራ የሚሉበትን የዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳምም አነሣ። ገዳሙን ያቀኑት አቡነ ጎርጎርዮስ በ1982 ዓ.ም. ያረፉት በመኪና አደጋ ነው። መቃብራቸውን ለመሳለም የሚሄድ ሰው ሊያስታውሰው እንደሚገባ ጽፎ ቆመ። ያችን መስመር ካነበብኩ በኋላ ሌላውን ትንሽ ቆይቼ ነው ያነበብኩት።

ከ4ኛ እስከ 7ኛ፦ ስለ ስም። 4ኛው የከተማው ስም ባቱ መሆኑን፣ ዝዋይ መባሉ እንዲቀር አሳሰበ። 5ኛው እናቱም አያቱም ዝዋይ እንዳሉ፣ ዝዋይ እንደሚል መለሰ። 6ኛው ሁለቱንም ሰደበ። 7ኛው 6ኛውን ሰደበ። እዘለዋለሁ።

8ኛ፦ ይህን ግን አልዘልም። ከደሴቷ የተወለደ፣ አሁን መቂ የሚኖር የዛይ ልጅ ነው። በትሕትና ጀመረ፤ እየቆየ ግን መረረ። በስም የተጣሉትን ከሁለቱም ወገን በፊት ሐይቁ ላይ የነበሩ ዛዮች እንዳሉ አስታወሳቸው፤ ዝዋይ የሚለው ስም ራሱ ከእነሱ ጋር እንደሚያያዝ፣ ቋንቋቸው ለስልጤና ለሐረሪ የሚቀርብ ሴማዊ ቋንቋ እንደሆነ ጻፈ። ደሴቶቹ አምስት ናቸው፤ ቱሉ ጉዶ ትልቋ ናት። ስሟም በኦሮምኛ ትልቅ ኮረብታ ማለት ነው፤ ጉልበቷን የሚያማት እናት ያለችው ሰው ከስሙ ብቻ ሊረዳው እንደሚገባ በነገር ወጋኝ። እውነቱን ነው፣ አላሰብኩትም ነበር።

ከዚያ አባቱ በእጅ በሚቀዘፍ ታንኳ ዓሣ ይዞ ገበያ ወርዶ እህል ይዞ ይመለስ እንደነበር ተረከ። ቀጥሎ ወደ እኛ ዞረ። በአንድ ቀን መጥቶ የሚሄደው መንገደኛ ደሴቷ ላይ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ያለ ይመስለዋል። ዳቦውንና ቆሎውን ከአዲስ አበባ ይዞ መጥቶ፣ ፌስታሉንና የውኃ ላስቲኩን ለደሴቷ ትቶ ይሄዳል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ሳያስፈቅድ ፎቶ ያነሣል። የሚያድር እንግዳ ግን ዓሣም ይገዛል፣ ቡናም ይጠጣል፣ የሰው ስምም ጠይቆ ይሄዳል። ስለዚህ ድምፁ ለአዳር ነው።

9ኛ፦ አንዲት ልጅ ታቦተ ጽዮን በእርግጥ እዚያ ነበረች ወይ ብላ ጠየቀች።

10ኛ፦ ዲያቆን ነኝ ያለ መለሰላት። በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦቷን ይዘው ተሰድደው ዝዋይ እንደገቡ፣ በትውፊቱ 40 ዓመት እንደቆየች፣ በአንበሳ ውድም ዘመን ወደ አክሱም እንደተመለሰች፣ ኅዳር 21 ከሚከበርባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ መመለስ እንደሆነ አስረዳ። ከካህናቱ ጥቂቶቹ እዚያው ቀርተዋል ይባላል።

11ኛ፦ 70 ዓመት ነው የሚል መጣ። ዲያቆኑ ተመልሶ 40 አለ። ሌላው 70። የእናቴ ጉልበት በመሀል ተረሳ፣ ገብቼ ማስታወስ ነበረብኝ።

12ኛ፦ የባቱ ልጅ ነው፤ ጀልባ ላይ ሠርቶ ያውቃል። ለእኔ የጥያቄዬ መልስ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ይህን አስቀራለሁ። ሐይቁ ጠዋት ዝም ይላል፤ ውኃው እንደ መስታወት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል። ዝዋይ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙ አያልፍም። ሰው ጥልቅ ካልሆነ አያስፈራም ይላል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውኃ ላይ ነፋስ የሚያነሣው ሞገድ አጭርና የተደራረበ ይሆናል፣ ጀልባውን ይነቀንቀዋል፣ ውኃው ወደ ውስጥ ይረጫል። ደርሶ መልስ የሚሄድ ማኅበር ደግሞ ሁልጊዜ ሲመለስ የሚገጥመው ይኸው ሰዓት ነው። ሌሊት 10 የተነሣ አውቶቡስ ሰዎቹን ጠዋት ሐይቁ ዳር ያደርሳል፣ ጀልባ ሲጠብቁ ሲወጡ ሲወርዱ 8 እና 9 ሰዓት ይሆናል፣ ልክ ነፋሱ ሲበረታ እናቶቹን ጭኖ ይመለሳል። እሱ ሽማግሌና ሕፃን ከ7 ሰዓት በኋላ እንደማይጭን፣ ለገንዘብ ብሎ የሚጭን ግን እንደማይጠፋ ጻፈ። አውቶቡሱ የሚሄደው በሰዓት ነው፣ ሐይቁ ግን የማንንም ሰዓት አያይም።

13ኛ፦ ለንደን የሚኖር ሰው ይህን አንብቦ የራሱን አመጣ። ከቤተ ክርስቲያናቸው ጋር በአውቶቡስ ሰሜን እንግሊዝ ወዳለችው ሊንደስፋርን ሄደው ነበር፤ ቅዱስ አይዳን በ635 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገዳም የመሠረተባት ደሴት ናት። መንገዱ የተሠራው በባሕሩ ወለል ላይ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ባሕሩ መጥቶ ይሸፍነዋል። የመሻገሪያው ሰዓት አስቀድሞ ታትሞ ይወጣል፣ የአውቶቡሱ መነሻ የሚወሰነው ያንን አይቶ ነው። አንዱ ሽማግሌ ሻይ ሳልጨርስ አልነሣም ሲሉ ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ እንደጠበቃቸው እየሳቀ ጻፈ። የሰጠው ምክር ከ12ኛው ጋር አንድ ነው፤ መጀመሪያ ውኃውን ጠይቁ፣ ከዚያ አውቶቡሱን ቅጠሩ።

14ኛ፦ ሰላማችን እዚህ ጋ አለቀ። አንድ ሰው ለብዙ ዓመት ወደ ዝዋይ እንደተመላለሰ፣ እመቤታችንን ብሎ የሄደ ሰጥሞ እንደማያውቅ፣ ላይፍ ጃኬት የሚሉት የእምነት ማነስ እንደሆነ ጻፈ። ስለ ጃኬት እስከዚያ ድረስ ያነሣ አልነበረም፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

15ኛ፦ የባቱው ልጅ ነው የመለሰ፣ አሁን በቁጣ። ጃኬቱ ጀልባው ውስጥ ተቆልፎ ሲቀመጥ፣ አስተባባሪውም ሳያስከፍት ሲቀር ስንቴ እንዳየ ቆጠረለት። ሐይቁ ላይ ጉማሬም አለ፣ የተጫነ ጀልባ ደግሞ ቶሎ አይዞርም። እምነት ያለው ሰው ለመኪናው ፍሬን አያሠራም ወይ ብሎ ጠየቀው።

16ኛና 17ኛ፦ ስድብ። አወያዩ ሁለቱንም አነሣው።

18ኛ፦ በእድሜ የገፉ የሚመስሉ እናት ናቸው፤ ልጃቸው እየጻፈላቸው እንደሆነ ተናገሩ። ጃኬት ለብሰው ሄደው እንደነበር፣ ነጠላቸውን ከላይ ደርበው ማንም እንዳላየባቸው አጫወቱን። ለእናቴ ነገርኳት፤ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ያሳቃት ይኼ ብቻ ነው። ተስማማች።

19ኛ፦ ነርስ ናት፤ ክርክሩን ሁሉ አልፋ ለአዳር ደጋፊዎች ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሰችባቸው። ኅዳር ላይ በዝዋይ አካባቢ የወባ ሰሞን ገና አላለፈም። ግቢ ውስጥ ነጠላ ተከናንቦ ማደር ለአዲስ አበባ ሰው ቀላል አይደለም፤ የሚያድር አጎበር ይያዝ። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ ጀልባ ለመያዝ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት አይገባም፣ በረከት ነው ተብሎም ቢሆን። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች ሽንት ቤት የለም ብለው በፈሩ ቁጥር ኪኒናቸውን እንደሚዘሉ፣ ውኃም እንደማይጠጡ፣ ዳገት ላይ የሚወድቁትም በዚህ እንደሆነ አስጠነቀቀች። እናቴን ጠየቅኳት። ባለፈው ጉዞ ወደ ኩክ የለሽ ማርያም ስትሄድ ኪኒኗን ዘልላ ነበር። እስከዛሬ አልነገረችኝም።

ከ20ኛ እስከ 24ኛ፦ ዓሣ። አንዱ በየዋህነት ሲመለሱ ባቱ ቆመው ቆሮሶ ጥብስ እንዲበሉ፣ አባ ኮዳዎቹ (ትልልቆቹ ወፎች) ዳር ቆመው የዓሣ ትራፊ ሲጠብቁ ማየት እንደሚያዝናና ጻፈ። 21ኛው ነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ መያዙን አስታወሰው። 22ኛው ዓሣ ጾም አይሽርም አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን የምታውቁት ነው፤ በየቤቱ ያለ ክርክር ነው። 24ኛው የአካባቢውን ወይን ጠጅ ለመጨመር ሞከረ፣ ማንም አልመለሰለትም።

25ኛ፦ ከጣና ጋር ያወዳደረ ሰው መጣ። በ2009 ዓ.ም. ከማኅበሩ ጋር ባሕር ዳር ሄደው፣ ሁለት ሌሊት አድረው፣ በጀልባ ዳጋ እስጢፋኖስ ደርሰው ነበር። እነ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ እነ ዐፄ ፋሲለደስ ያረፉባት ናት። ሴቶች ግን አይገቡባትም። ከአውቶቡሱ ከግማሽ በላይ ሴቶች ነበሩ፤ አስተባባሪው አስቀድሞ አልነገራቸውም። አክስቱ ከስንት ሰዓት መንገድ በኋላ ጀልባው ላይ ተቀምጠው ወንዶቹ እስኪመለሱ ጧፋቸውን ይዘው ጠበቁ። ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በዚያ አቅጣጫ የሌሊት አውቶቡስ ማሰብ እንደቀረ፣ የእነሱ ማኅበርም ፊቱን ወደ ዝዋይ እንዳዞረ ገለጸ። እናትሽ ደብረ ጽዮን ውስጥ ገብታ ትሳለማለች፣ ይህን አትናቂ አለኝ። አልናቅኩም።

26ኛ፦ ወንጪን ጠቆመ። ቂርቆስ ያለበት ደሴት ቅርብ ነው፣ ጀልባው ላይ ብዙ አይቆዩም፣ ነፋሱም እንደ ዝዋይ አይደለም። ብርዱ ግን ከባድ ነው፤ የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

27ኛ፦ ለ26ኛው፣ ሴትዮዋ የጠየቀችው ጽዮንን እንጂ ቂርቆስን አይደለም የሚል ባለ አንድ መስመር መልስ። ትክክል። እናቴ ስለቷ ለማን እንደሆነ ታውቃለች።

28ኛ፦ 2ኛዋ ተመልሳ ራሷን አረመች፤ ጀልባዎቹ ሦስት ነበሩ፣ አንዱ ቤንዚን ጨርሶ ቆሞ ነው።

29ኛ፦ መሀል መንገድ ያገኘልኝ ይህ ሰው ነው። ከሁለቱ ለምን ትመርጫለሽ ብሎ ሦስተኛ አመጣ። ኅዳር 20 ከቀትር በኋላ ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ ባቱ አድሮ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጀልባ መያዝ፤ ታቦት ሲወጣ ደርሶ፣ ነፋሱ ሳይበረታ እስከ 6 ሰዓት ተኩል መመለስ። ሹፌሩም ይተኛል። ዳገቱን የምትችል ትወጣለች፣ የማትችል ሐሩሩ ሳይመጣ ቀስ ብላ ትሞክራለች።

30ኛ፦ አንድ ሰው በቁጣ መለሰለት። ጡረታ የሚበሉ እናቶች ያጠራቀሙት የጉዞ ገንዘብ ለሆቴል ሊበቃ እንደማይችል፣ የውጭ ብር የሚላክለት ሁሉ እንዲህ ቀላል አድርጎ እንደሚያወራ ጻፈ። እህቴ፣ ይህን ስታነቢ አትናደጂ። ሰውየው ስለ አንቺ አያውቅም። ነጥቡ ግን አለው፤ ማኅበሩ ውስጥ ከእናቴ በስተቀር ውጭ ልጅ ያላቸው አራት ናቸው።

31ኛ፦ የዛይ ልጅ ነው፣ አሁን ለስለስ ብሎ። ባቱ የሚከፈል ማደሪያ ካልሆነ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሰሌን አንጥፈው የሚያድሩ ማኅበራት እንዳሉ፣ አስቀድሞ ደብሩን መጠየቅ እንደሚበቃ ነገረን። ደሴቷ ላይ ማደር የፈለጉ ጥቂቶች ካሉም ማኅሌቱን እንዲያድሩ፣ ብርድ ልብስና አጎበር እንዲይዙ መከረ። ፌስታሉን ይዛችሁ ተመለሱ አለ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ነው የጻፈው።

ይህን ሁሉ ይዤ እሑድ ዕለት ከጽዋው በኋላ ሰብሳቢዋ ዘንድ ሄድኩ። ሰብሳቢዋ መምህርት የነበሩ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው የ12ኛውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የጉዞውን አስተባባሪ ጠርተው ስንት ጀልባ እንደያዘ ጠየቁት። እዚያ ስንደርስ እናገኛለን አለ። መነጽራቸውን አወለቁ።

መነሻው ወደ ኅዳር 20 ቀትር ተዛወረ። አራት ጀልባ በስልክ ተያዘ፤ ቀብዱን ሰብሳቢዋ ራሳቸው ላኩ። የባቱው አዳራሽ ገና መልስ አልሰጠንም። ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር የማይችሉ፣ የልጅ ልጅ የሚጠብቁ፣ ባል የታመመባቸው አሥራ አንድ እናቶች ቀሩ። የቀሩት ሲቆጡ አልሰማሁም፤ ጧፍና ዕጣን እንዲደርስላቸው ገንዘብ ሰጥተውናል፣ እኔ ነኝ የያዝኩት። ለሚሄዱት ግን የኪራዩ ድርሻ ከፍ አለ፤ አንዳንዶቹ የኔን ስም በዚህ ሲያነሡ ሰምቻለሁ። እናቴ ደግሞ ጉልበቷ ላይ የምታስረው ጨርቅ ገዝታለች፣ ጠዋት ጠዋት የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ እስከ ሦስተኛ ፎቅ እየወጣች ትወርዳለች፣ ጎረቤት ምን ሆነች እያለ ይጠይቀኛል።

32ኛ፦ ትናንት ማታ የመጣ ነው። አሥራ አንድ ሰው ከቀረ ለእሱና ለእናቱ ሁለት ወንበር ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። ስልክህን በውስጥ ላክልኝ ብዬዋለሁ።

33ኛ፦ ጾሙን ጠብቀው ዓሣውን በበረዶ ይዘው መመለስ ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ። ይኼኛውን የባቱው ልጅ ይመልስ።